የሐረጎን ቁልቁለት ከተሸላሚዋ ጋር

ረቡዕ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ

የእህቴ ልጅ አሜሪካን አገር የዶክትሬት ትምህርቷን በመከታተል ላይ ናት። ባለፈው ጥር የዩኒቨርሲቲዋ የትራንስፖርት ምርምር ማዕከል የዓመቱ የላቀች የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብሎ ሸለማት። ያሸለማት ጥናት የትራንስፖርት ሥርዓት ደኅንነትን የሚመለከት ነው፤ በተለይም ከባድ መኪና በውስጡ በተሸከማቸው ኮምፒውተሮች በኩል እንዴት ሊጠቃ እንደሚችልና ጥቃቱ እንዴት እንደሚመከት። ወሬው ደሴ ሲደርስ እህቴ ስልኩን እንደያዘች እልል አለች። ባለቤቷ ግን "መኪናን በየት በኩል ገብተው ነው የሚያጠቁት?" ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው በከባድ መኪና መሪ ላይ ስለሆነ ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ነበር።

ልጅቷ ለአጭር ዕረፍት ስትመጣ ይዟት ይምጣ ተብዬ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እህቴ በአውሮፕላን ኑ ብላ ወትውታ ነበር፤ ኮምቦልቻ አርፎ ከዚያ ሽቅብ ወደ ደሴ መውጣት ነው፣ ድካም የለውም። ተሸላሚዋ ግን መንገዱን ካላየሁ ምኑን መጣሁት ብላ አሻፈረኝ አለች። 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ መንገላታት በእኔ ዕድሜ ደስታ አይደለም፤ ቢሆንም የእንግዳ ፈቃድ ይከበራል።

ሰሞኑን ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ከመሸከፉ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? በትራንዚተርነት ሥራ ስለቆየሁ ለዚህ ጥያቄ የራሴ ሰዎች አሉኝ። ከሚሴ የሚኖር ነጋዴ፣ ደብረ ሲና ላይ ጎማ የሚጠግን ወዳጄ፣ የዚያኑ ዕለት ከኮምቦልቻ ጭኖ የገባ ሹፌር። ለሁሉም ደወልኩ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ስትሰማ ቆየችና "ጋሼ፣ አንዱ ከነገረዎት በኋላ ሌሎቹን ለምን ጠየቁ?" አለችኝ።

"አንዱ ሊሳሳት ይችላል፤ ሌላው ፈርቶ ሊያጋንን ይችላል። ድምፁን የማላውቀው ሰው ከነገረኝ ደግሞ እንዳልሰማሁ ነው የምቆጥረው" አልኳት።

ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና ጻፈች። አማካሪዬ ይህን መስማት አለበት ብላ ሳቀች።

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣ። ረዳቱ ሻንጣ ይጭናል፣ ስም ይጠራል፣ ከአንዲት እናት ጋር በጆንያ ዋጋ ይከራከራል። የእህቴ ልጅ ከሹፌሩ በስተጀርባ ያለውን ወንበር ለምና አገኘች። እኔ የቀረችኝን እንቅልፍ ልጨርስ ስል እሷ ዓይኗን ዳሽቦርዱ ላይ ተክላለች። ካሜራ አለ፤ የፍጥነት መገደቢያ ሳጥን አለ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር አውራ ጣት የምታህል አንቴና ተለጥፋለች፤ ለተሳፋሪው ፊልም የሚያሳይ ስክሪንም ተሰቅሏል። "እነዚህ ሁሉ ከሞተሩ ጋር በአንድ ሽቦ ነው የሚገናኙት?" ብላ ሹፌሩን ጠየቀችው። ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋትና "የገጠሙትን ጠይቂ እቴ፤ እኔ መንዳት ነው" አለ።

ደብረ ብርሃን ቁርስ ላይ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ሽልማቱ ምን እንደሆነ በደንብ አስረዳችኝ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ ሕግ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የትራንስፖርት ምርምር ማዕከላትን መደገፍ ጀመረ። ማዕከላቱ ስለ ድልድይ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ትራፊክ አደጋ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ጥቃት ያጠናሉ። እያንዳንዱ ማዕከል በየዓመቱ ከተማሪዎቹ አንዱን ይመርጣል። ተመራጮቹም የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ በጥር ወር ዋሽንግተን ላይ ዓመታዊ ጉባኤውን በሚያካሂድበት ሰሞን ይሸለማሉ። ቦርዱ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ተቋም ነው። እኔ በበኩሌ ገንዘቡን ነበር መጠየቅ የፈለግሁት፤ አፈርኩና ተውኩት።

የሙያዋ ታሪክ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ጆሮዬን ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶኪዮ ውስጥ የአንድ እምነት ተከታዮች በምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን የተባለ መርዝ ለቀቁ። በ2001 አሜሪካ ላይ የሆነው ሆነ። በ2004 ማድሪድ፣ በ2005 ለንደን ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈነዳ። የዘርፉ ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ጣቢያ፣ ስለ ሻንጣና ስለ ሕዝብ ብዛት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ግን ዉች በተባለች የፖላንድ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል አስተካክሎ የትራም ሐዲድ መቀየሪያዎችን እንደፈለገ ማዘዝ ቻለ። ትራሞች ከሐዲድ ወጡ፤ 12 ሰዎች ተጎዱ። ልጁ ምንም የሚፈነዳ ነገር አልያዘም። "የእኔ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ልጅ ነው" አለች፣ እንቁላል ፍርፍሯን ሳትነካው።

ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንጀምር ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ከዚህ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከፍታውን ከግማሽ በታች ያወርደዋል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ብርዱም በአንድ ጊዜ ወበቅ ይሆናል። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ የሞተር ፍሬኑን ሲይዝ ያ የታወቀው ጉርምርምታ ተሰማ። ዝም ብላ የነበረችው ልጅ ቀና አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ2006 ስሪት የሆነ ከባድ መኪና ላይ ላፕቶፕ ሰክተው ያደረጉትን ነገረችኝ። መኪናው ያለ ሹፌሩ ፈቃድ ነዳጅ እንዲሰጥ አደረጉት። ፍጥነቱ በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ደግሞ ሹፌሩ የሞተር ፍሬኑን መጠቀም እንዳይችል ከለከሉት።

እዚህ ቁልቁለት ላይ ማንም ሰው ከዚያ በላይ ፍጥነት አይነዳም። ሆዴ ባር ባር አለኝ። "ይህን አሁን ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አልኳት። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቼ አፏን ያዝኩላት።

ከዚያ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። መታወቂያ ታየ፣ ሻንጣ ተከፈተ፣ የዚያች እናት ጆንያም ተፈታ፤ በርበሬ ነው፤ ፈታሹ ካስነጠሰ በኋላ በቶሎ አለፋት። ፍተሻው ያስፈልጋል፤ አያስፈልግም የሚል ሰው በዚህ መንገድ ሄዶ አያውቅም። ያም ሆኖ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን አንቴና ማን ገጠማት፣ ለማን ነው የምታወራው ብሎ የጠየቀ የለም። ፈታሹ ይህን ማወቅ አይጠበቅበትም። ማን እንደሚጠበቅበት ልጅቷን ጠየቅኋት፤ "እሱ ነው እንግዲህ ጥናቱ" አለች።

የቀረውን መንገድ በፍጥነት ላልፈው። ሸዋ ሮቢት ማንጎ በላን። ካራቆሬን ስናልፍ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ስላፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ አዛውንት ተሳፋሪ ሲያወሩ ሰማን። ከሚሴ ሙቀት፣ ከዚያ የቦርከና ሜዳ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ የቆሙት ተሳቢዎች ብዛት የከተማዋን ሥራ ይናገራል፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ቢራ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደብ። አንዱ መንገድ ከዚህ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ሌላው በሐረጎ ጥምዝምዝ ወደ ደሴ ይወጣል። ሐረጎን ስንወጣ ከላይ የሚመጡት የጫኑ መኪናዎች ፍሬናቸው ሸትቷል፤ ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ በመስኮት ይገባል። ማንም አፍንጫውን አልያዘም፤ ልማድ ነው።

ሐሙስ፤ ደሴ

እህቴ ሽልማቱን ቡፌው ላይ አስቀምጣዋለች፤ በመስታወት ውስጥ የተቀረጸ ጽሑፍ ነው፣ በአንድ በኩል የልጅየዋ የስምንተኛ ክፍል ፎቶ፣ በሌላው በኩል የሠርግ ብርጭቆዎች። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ሰው አላጣም። በወሎ ደንብ የሰፈሩ ክርስቲያንም ሙስሊምም እኩል መጣ፤ ከአቦሉ በፊት አንዲት ባልቴት ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ "ክፉ አይንካሽ፣ መንገድሽ ይቃና" ሲሉ ሁሉም አሚን አለ። ከእንግዶቹ አንዱ ሥራዋ ኬላ ላይ እንደሆነ ገምቶ ነበርና ደመወዙን ጠየቀ። ደፋር ነው፤ እኔ ያፈርኩበትን ጥያቄ አነሣልኝ።

ከሰዓት በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ አየን፤ ሙዚየሙ ተዘግቶ ጠበቀን። ጦሳ ራሱ ላይ ደመና ጭኖ ዋለ። የዕለቱ ቁም ነገር ግን በረካው ከወረደ በኋላ፣ እንግዳው ሲሳሳ መጣ።

አባትየው ያን ጥያቄውን አልረሳም። "እስቲ ንገሪኝ፤ በየት በኩል ነው የሚገቡት?" አላት።

እሷም ቀስ ብላ አስረዳችው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው አሠራር አለ። በመኪናው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች፣ የሞተሩ፣ የፍሬኑ፣ የካምቢዮው፣ ሁሉም በሁለት ሽቦ ላይ ይነጋገራሉ። አንዱ የተናገረውን ሁሉም ይሰማል። ሁለት መልእክት ከተጋጨ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነው ያልፋል፤ አስቸኳዩ ቅድሚያ እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ጥሩ አሠራር ነው፤ ርካሽና አስተማማኝ ስለሆነ ዓለም በሙሉ ተቀበለው። ችግሩ መልእክቱ በእርግጥ ከማን እንደመጣ የሚያረጋግጥ ነገር የለውም። ከባድ መኪና ላይ የላኪ ቁጥር ቢኖርም ያንን ቁጥር ማንም ሊጽፈው ይችላል። አሠራሩ ሲታሰብ ሽቦው ውስጥ ባዕድ ይገባል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ከዚያ በኋላ መኪናው ላይ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ መከታተያ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች ሴንት ሉዊስ አጠገብ አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድን ጂፕ ከሩቅ ሆነው፣ በሬዲዮው በኩል በስልክ ኔትወርክ ገብተው አቆሙት፤ ኩባንያው 1.4 ሚሊዮን መኪናዎችን ለማስተካከል ተገደደ።

አባትየው ሲኒውን አስቀመጠ። "እኛ ዘንድ ቅጠል ነበር" አለ።

የ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስኪመጣ ድረስ በአሰብ መንገድ ላይ ነበር፤ መጀመሪያ በኤንትሬ፣ በኋላ በቦቴ። ኤሊዳርና ማንዳን እንደ ጓሮው ያውቃቸዋል። መኪና የተበላሸበት ሹፌር ከኋላና ከፊት ቅጠልና ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ለሚመጣው መኪና ተጠንቀቅ ማለቱ ነው። ይህን የኢትዮጵያ መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ቅጠሉን ሽፍታም ሊያስቀምጠው ይችላል። ታዲያ በሌሊት፣ በመብራቱ ጫፍ ላይ ቅጠል ሲያይ ሹፌሩ ምን ያደርጋል?

"መጀመሪያ ቅጠሉን አያለሁ" አለ። "ትኩስ ነው ወይስ የደረቀ? የደረቀ ከሆነ የትናንት ነው፤ መኪናው ተነሥቶ ሄዷል፣ ድንጋዩን ሳያነሣ። ትኩስ ከሆነ ደግሞ በዚያ በረሃ ቅጠሉ ከየት መጣ? በአካባቢው ዛፍ ከሌለ ሰውየው ከሌላ ቦታ ይዞት መጥቷል። ለምን ያዘው? ከዚያ ድንጋዩ በምን ያህል ርቀት ነው የተቀመጠው? የመኪና ሰው ፍሬን የሚይዝበትን ርቀት ያውቃል፤ አርቆ ያስቀምጣል። ሽፍታ አያውቅም፤ ቅርብ ያደርገዋል።"

የእህቴ ልጅ ደብተሯን ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። ተመልሳ "አባዬ፣ እንደገና በልልኝ፤ ስለ መድረቁ" አለችው። ከዚያ ለእኔ አስረዳችኝ። በእነሱ ሙያ አንዱ ትልቅ ጥቃት ትክክለኛ መልእክት ቀድቶ ማቆየትና በኋላ መልሶ መላክ ነው። መልእክቱ ሐሰት አይደለም፤ የትናንት ነው እንጂ። መከላከያውም መልእክቱ ላይ ጊዜውን ወይም ተራውን የሚያሳይ ምልክት ማኖር ነው፤ ትኩስነቱ እንዲታወቅ። ርቀቱን መለካትም አለ፤ መልእክቱ እውነተኛው ላኪ በሚልክበት አኳኋን መጣ ወይ ብሎ ጠባዩን መመርመር። የጥናቷ ሁለተኛ ክፍል ይኸው ነው፤ የከባድ መኪና ኮምፒውተሮች በየስንት ቅጽበት እንደሚናገሩ መዝግቦ፣ ከልማዱ የወጣውን መያዝ።

አባትየው በኩራትም በቅሬታም "ታዲያ ለዚህ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድሽው?" አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አባባሉ ትክክል አይመስለኝም። እሱ ይህን የሚያውቀው ለራሱና አብሮት ለነበረው ረዳት ነው፤ እሷ የምትሠራው ቅጠል አይቶ ለማያውቅ መኪና ነው።

ዓርብ፤ ኮምቦልቻ

አባትየው ሊያስተዋውቃት ወደሚፈልገው ጋራዥ በጠዋት ወረድን። ጋራዡ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው፤ መሬቱ በናፍጣና በዘይት ጠቁሯል፤ ባልስትራ ተደርድሯል፤ አንድ ካምቢዮ ተዘርግፎ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ዋናው መካኒክ አባትየውን ሲያይ እጁን በፎጣ ጠርጎ በሁለት እጁ ጨበጠው።

ስለ ልጅቷ ሥራ ሲሰማ መጀመሪያ ያሳየን አንድ የቆየ ሲኖትራክ ነው። "ይህንን ማንም በኮምፒውተር አያጠቃውም" አለ፣ ነዳጅ የሚመጥነው ፓምፕ ሜካኒካል መሆኑን በመፍቻ እየነካ። አባትየው ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ተሸላሚዋም እውነቱን ነው አለች፤ ስጋቱ ከአዳዲሶቹ ጋር ነው የሚመጣው።

አዲሱ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ስሪቱ የአውሮፓ የሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ የቆመ። አንድ ልጅ እግር መካኒክ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ጋቢናው ወጣ፤ ኬብሉን ከመሪው በታች ባለው የምርመራ ሶኬት ሰካ። የላፕቶፑ አንድ ጎን በፕላስተር ተጣብቋል። ከፊደሎቹ መካከል ሁለቱ ወልቀው ቦታቸው ላይ ግራሶ ሞልቷል። ስክሪኑ ላይ የመመርመሪያው ፕሮግራም ተከፈተ፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የመጣ፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ነው። በጥቂት ደቂቃ ጥፋቱን አገኘው፤ የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ነው። ሥራውን አይቼ አደነቅሁ።

የእህቴ ልጅ ግን ላፕቶፑ ላይ አፍጣለች። "ይህን ኮምፒውተር ሌላ ለምን ትጠቀሙበታላችሁ?" ብላ ጠየቀች።

"ማታ ማታ ልጆቹ ፊልም ያዩበታል" አለ ዋናው መካኒክ። "ጥበቃውም ዘፈን ይጭንበታል፤ ለሰው ሁሉ።"

ልጅቷ ጭንቅላቷን ያዘች። ጂፑን ከሩቅ ለመስበር ጠበብቶቹ ብዙ እንደለፉ፣ ዜናውም ዓለምን እንዳዳረሰ ካወራች በኋላ፣ እዚህ ደግሞ የከተማው ሰው ፍላሽ ሁሉ የሚገባበት ኮምፒውተር በቀጥታ የመኪናው አንጎል ላይ ይሰካል። ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ማን እንደሰበረው፣ ሲሰብረውም ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ይህን ስትናገር ዋናው መካኒክ አልተቆጣም፤ ግን መልሱ ቀልጣፋ ነበር። "እቴ፣ ኩባንያው ዋናውን መሣሪያ የሚሸጠው በዶላር ነው፤ እሱም ከተገኘ። ይህን ባንጠቀም ይህች መኪና እዚህ ቆማ ትዝጋለች። ባለቤቷ የባንክ ብድር አለበት።"

በዚህ ነገር ከመካኒኩ ጋር ነኝ። ባለመኪናው ገዝቶ የራሱ ያደረገውን ዕቃ ለመጠገን ፈቃድ ከባሕር ማዶ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ስርቆቱ የሚጀምረው ከሌላ ወገን ነው። ተሸላሚዋም አልገሠጸችውም። ተቀምጠው ተነጋገሩ። አንዱን ኮምፒውተር ለመኪና ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ፤ ኢንተርኔት አለማገናኘት፣ ፍላሽ አለማስገባት። ከምርመራ በኋላ ሶኬቱ ላይ ምንም ነገር ሰክቶ አለመተው። ባለመኪናው ከገበያ ርካሽ መከታተያ ገዝቶ ግጠምልኝ ሲል ከሞተሩ ሽቦ ጋር አለማገናኘት፣ መብራት ብቻ መስጠት። መካኒኩ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈው። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ከዚያ የፍጥነት መገደቢያው ወሬ መጣ። አንድ ሹፌር ገመዱ ተቆርጦ በፕላስተር የተሸፈነ ሳጥን አሳየን፤ የቆረጠው ማን እንደሆነ ማንም አላወቀም፣ ሁሉም ሰማይ ሰማይ አየ። የጭነት መከታተያውም ተነሣ። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ኮንቴይነር ላይ የሚታሰረው ኤሌክትሮኒክ ማኅተምም የት እንዳለ የሚያውቀው በጂፒኤስ፣ ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው። ሳተላይቶቹ 20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ምልክታቸው መሬት ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው፤ ትንሽ ማወኪያ ያፍነዋል። የእህቴ ልጅ የኒው ጀርሲውን ሹፌር ታሪክ ነገረቻቸው። ሰውየው አሠሪው የት እንዳለ እንዳያውቅ ብሎ ማወኪያ ገዝቶ መኪናው ውስጥ ሰካ። ሲያልፍ ሲያገድም በኒውአርክ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሞከረውን የአውሮፕላን ማሳረፊያ መሣሪያ ያውክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 32,000 ዶላር ገደማ ቀጣው።

ሹፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ግን "ምስኪን፣ ሚስቱ ጋ ጎራ ለማለት ነው" ብሎ አዘነለት። ከዚያ የጁምዓ ሰዓት ደረሰና ግቢው በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ፤ አባትየውም ሄደ። እኔና ልጅቷ ከተከፈተው ካምቢዮ አጠገብ ቀረን።

ቅዳሜ፤ ኮምቦልቻ ዳግመኛ

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ነው ያለው። የጋራዡ ልጅ እግር መካኒክ እዚያ የሚማሩ ጓደኞች አሉት፤ ሰምተው ቡና ሊጋብዟት ለመኗት። አዳራሽ የለ፣ ማይክሮፎን የለ፤ የበረንዳ ቡና ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የተማሪ ጥያቄ ነበር፤ መኪና የሌለው ሰው ይህን እንዴት ያጠናል?

ቡናዋ ቀዝቅዞ እስኪቀር መለሰችላቸው። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በነፃ የሚገኝ፣ ቮልስዋገን ያበረከተው ፕሮግራም አለ፤ በእሱ ያለ ምንም መኪና በላፕቶፕ ላይ ብቻ የተመሰለ ሽቦ ፈጥሮ መልእክት መላክና መጥለፍ ይቻላል። ከዚያ የተገለበጠ መኪና ዳሽቦርድ ከመለዋወጫ ሻጭ ይገዛል፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ባትሪ ማገናኘት ነው። አሜሪካም ብዙው ምርምር የሚጀምረው በቆራሊዮ ነው አለች። በዚህ በኩል ኮምቦልቻን የሚያህል ላቦራቶሪ የት ይገኛል? ሐረጎ በየጊዜው ያቀርባል፤ መጥፎ ቀልድ ነው፣ ግን የቀለደው ተማሪ እንጂ እኔ አይደለሁም።

አንዲት ተማሪ ደግሞ ስለ ባቡሩ ጠየቀች። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውን መስመር ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሠርቶታል፤ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ንብረቱ ተዘረፈ። ስንመለስ መኪና አቁመን ሐዲዱን አየነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ ቆመዋል። ፍየሎች ጠጠሩ ላይ ይራመዳሉ። የእህቴ ልጅ በ2023 እ.ኤ.አ. ፖላንድ ውስጥ በሬዲዮ የአስቸኳይ ማቆሚያ ድምፅ አስመስለው ባቡሮችን ስለገቱ ሰዎች ልትነግረኝ ጀመረች፤ አባትየው ከመኪናው ውስጥ "እዚህ የሚገታ ባቡር የለም፤ ነይ ግቢ፣ ብርዱ ሳይመጣ ሐረጎን እንውጣ" ብሎ ጠራት።

እሁድ፤ ስንብት

እሷ ገና ትቆያለች፤ እኔ ሥራ አለብኝ። ማታ ከአባቷ ጋር አንድ ነገር ተስማምተዋል። በአሰብ መንገድ አብረውት የነበሩትን፣ አሁን ደሴና ኮምቦልቻ በጡረታ የሚኖሩትን ሹፌሮች እየዞረች ታነጋግራለች፤ ምልክት በምን ታምኑ ነበር፣ በምንስ ትጠረጥሩ ነበር ብላ። አባቷ አስተዋዋቂ ነው። ቀድሞውኑ ከሁለቱ ጋር ጠብ ጀምሯል፤ አንደኛው ሽፍታም ርቀት ያውቃል ብሎ ሞግቶታል። የእህቴ ልጅ በጠቡ ደስተኛ ናት።

እህቴ ዳቤና በርበሬ ጫነችብኝ። ከሚሴ ልደርስ ስል ስልኬ ጮኸ፤ የኮምቦልቻው ዋና መካኒክ ነው። ላፕቶፑን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ ለመኪና ብቻ ሊያደርገው ወስኗል፤ ነገር ግን ልጆቹ ፊልሞቻችን ይጠፉብናል ብለው ሥራ ለማቆም ዝተዋል። ልጅቷ ስልኳን አላነሣችለትም፣ ምን ላድርግ አለኝ።

"ፊልሞቹን ለብቻ ሃርድ ዲስክ ገልብጥላቸው" አልኩት። "ዘበኛውንም አትርሳው፤ ዘፈኖቹን።"